ቆጣሪውን የሚያሽከረክረው ምጣድ

መብራት ቆጥቡ ሲባል የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አምፖሉ ማጥፊያ ነው። ማጥፋቱ ባልከፋ፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። 10 ዋት የሚስብ ኤልኢዲ አምፖል በየምሽቱ አምስት ሰዓት ቢበራ በወር የሚፈጀው 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ይህንኑ ለመፍጀት ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የቤት ታሪፍ ደግሞ እርከን አለው፤ ዝቅተኛው እርከን 50 ኪሎዋት ሰዓት ላይ ያበቃል፣ ከዚያ በላይ ፍጆታው ባደገ ቁጥር ዋጋውም ይወጣል። ስለዚህ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሐይቅ ከተማም ሆነ በአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ በውጫሌ፣ አንድ ቤት በየትኛው እርከን እንደሚከፍል የሚወስነው ከሳሎኑ መብራት ይልቅ ጓዳ ያለው ምጣድ ነው። ለዓመታት ሳይነካ የቆየው ታሪፍ በ2011 ዓ.ም. ከፍ አለ፤ ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ደግሞ በየጊዜው ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ምጣዱን በቅርብ ማወቅ አሁን የኪስ ጉዳይ ሆኗል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ አሠራሩ ቀላል ነው። ከላይ እንደ ጥንቱ ከሸክላ የተሠራ፣ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ገበታ አለ። በገበታው ሆድ በኩል እየተጠማዘዘ የሚዞር ቦይ ይቀረጽና የሚግለው ሽቦ ይቀበርበታል። ዙሪያውንና ታችኛውን ክፍል ቆርቆሮ ይይዘዋል፤ ከላይ አክንባሎ ይደፋበታል። ሽቦው የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ሙቀት ይሆናል፤ በዚህ በኩል የሚባክን ነገር የለም። ብክነቱ የሚጀምረው ሙቀቱ ወዴት ሄደ ሲባል ነው። ከፊሉ ሊጡን ያበስላል፣ ከፊሉ ሸክላው ውስጥ ይቀራል፣ የቀረው በቆርቆሮው ጎንና ሥር ወደ ጓዳው አየር ይወጣል። በእኔ እምነት የእንጀራ ወጪ ዋናው ምስጢር እዚህ ላይ ነው፤ ብዙውን የምንከፍለው ለሸክላውና ለጓዳው አየር ነው።

ሸክላው ስንት እንደሚበላ መገመት ይቻላል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገበታ 10 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህን ከክፍል ሙቀት አንስቶ ለእንጀራ ወደሚሆነው 200 ዲግሪ አካባቢ ማድረስ፣ በጎንና በሥር የሚያመልጠው ሳይቆጠር፣ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል። ማሟሻዋ እንጀራ ሳትወጣ ይህ ወጪ ተከፍሏል ማለት ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ አሥር አሥር እንጀራ የሚጋግር ቤት ይህን ዕዳ ሦስት ጊዜ ይከፍላል፤ ሠላሳውን በአንድ ቀን የሚጋግር አንድ ጊዜ ብቻ። እዚህ ላይ ትክክለኛ ተቃውሞ ይነሣል፤ እንጀራ ይሻግታል፣ በተለይ በሞቃት ወራት። እውነት ነው፤ ለሳምንት የሚበቃ መጋገር ለሁሉም ቤት አይመችም። ግን ምጣዱ እንዳይቀዘቅዝ ሠላሳው የአንድ ቤት መሆን የለበትም። በቅሬ በሚቀባበር፣ በደቦ በሚተጋገዝ አገር ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ በጋለ ምጣድ ተከታትለው ቢጋግሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ምጣዱ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሸክላው ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ ይህ ባሕርይ ሲሞቅ ዕዳ፣ ሲቀዘቅዝ ሀብት ነው። የመጨረሻዎቹ አንድ ሁለት እንጀራዎች በቀረው ግለት ይበስላሉ፤ ከዚያ ቆሎ ይቆላበታል፣ ድርቆሽ ይደርቅበታል።

ሌላው ጥያቄ የሰዓት ነው። ማታ ሁሉም ቤት ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ይጨናነቃል፤ ቮልቴጁ ይወርዳል። የምጣድ ኃይል ደግሞ ከቮልቴጁ በበለጠ ፍጥነት ነው የሚወርደው። ለ220 ቮልት የተሠራ ምጣድ 180 ቮልት ብቻ ሲደርሰው ጉልበቱ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። ቀነሰ ማለት ቆጠበ ማለት አይደለም። ምጣዱ ለመጋል ይዘገያል፣ በዘገየ ቁጥር ሙቀቱ በሥሩ እያመለጠ ይሄዳል፣ እንጀራውም ዐይን ሳያወጣ ይቀራል። ጠዋት ወይም ከቀትር በኋላ መጋገር እንግዲህ ለቤቱም ለሰፈሩም ይበጃል። «ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም እያለው ለምን እንቆጥባለን?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ግድቡ ካለበት ከጉባ የሚመነጨው ኃይል ሐይቅ የሚደርሰው በረጅም መስመር፣ በማከፋፈያ ጣቢያና በመጨረሻ በዚያው በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ነው። ግድቡ ቢሰፋም ጠባቡ በር ጠባብ እንደሆነ ይቆያል፤ ቆጣሪውም የግድቡን ስፋት አይቶ አይቆጥርም።

መስመሩ ያልደረሰባቸው የአምባሰል ገጠሮች ሌላ ሒሳብ አላቸው። በአገር ደረጃ ከምንጠቀመው ኃይል አብዛኛው እጅ አሁንም ከማገዶ፣ ከኩበትና ከከሰል ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ ሥር ከሚነደው እንጨት ለእንጀራው የሚደርሰው ሙቀት ከመቶ አሥር እጅ እንኳ አይሞላም፤ ነበልባሉ በየጎኑ ያመልጣል፣ ጭሱ ጓዳውን ይሞላል። ለዚህ መፍትሔ እንዲሆን በ1980ዎቹ ዓ.ም. በኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ተሠራ። ከሲሚንቶና ቀላል ከሆነ የእሳተ ገሞራ አሸዋ በቅርጽ የሚወጡ ክፍሎች አሉት። ሲገጣጠሙ ምጣዱን ዙሪያውን ይከብቡታል፣ ከኋላ በሚወጣው ትኩስ ጢስ ደግሞ ድስት ይጣድበታል። እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ማገዶ በነጻ ይገኛል የሚል ቢኖር፣ እንጨቱን ተሸክማ የምትመጣው ሴት ጊዜና ወገብ አልተቆጠረም ማለት ነው፤ የሚነደው ኩበት ማሳው ላይ ማዳበሪያ ይሆን እንደነበርም ተረስቷል። ምርጥ ጉድለት የለውም አልልም። ከባድ ነው፣ ሲሚንቶው ራሱ መጀመሪያ ሙቀት ስለሚጠጣ ለሦስት አራት እንጀራ አይመችም፤ በብርድ ወራት እንደ ጉልቻ እሳት ቤት አያሞቅም፣ ብርሃንም አይሰጥም። ግን የጉልቻው ሙቀትና ብርሃን በጭስ የተገዛ ነው፤ የዚያን ዋጋ የሚከፍሉት ደግሞ የእናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ሳንባዎች ናቸው።

መስመሩ በደረሰበት ቤት ከምጣዱ ቀጥሎ ቆጣሪውን የሚያሽከረክረው ድስት ነው። ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ እዚያ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የአምባሰል ደጋ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ባቄላና ሽምብራ በደጋ አልበስል የሚሉት በዚህ ነው። እሳት መጨመር የውኃውን ሙቀት ከፍ አያደርገውም፤ እንፋሎቱን ብቻ ያበዛል። ስለዚህ ጥራጥሬውን ማታ መዘፍዘፍ፣ ድስቱን መክደን፣ አንዴ ከፈላ በኋላ ምድጃውን ዝቅ ማድረግ፣ ከተቻለም በግፊት ድስት መቀቀል ጊዜውን በእጅጉ ያሳጥራል። ወደ ምጣዱ ስንመለስ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለመግዛት የሚሄድ ሰው ላዩን መዳበስ ብቻ አይበቃውም። ሸክላው ስስ ነው ወይስ ወፍራም፣ በሽቦውና በታችኛው ቆርቆሮ መካከል ሙቀት የሚያግድ ነገር ተደርጓል ወይስ ባዶ ነው፣ አክንባሎው ዙሪያውን ይገጥማል ወይስ ክፍተት አለው ብሎ መጠየቅ አለበት። እነዚህ ሦስቱ በየወሩ በሚከፈለው ሒሳብ ላይ ይታያሉ።