የመኪና የፊት መብራት ሲደክም፤ ጥፋቱ የአምፑሉ ነው ወይስ የሽቦው?

መግቢያ

የመኪና የፊት መብራት የሚደክመው በአንድ ሌሊት አይደለም። ሹፌሩ በየቀኑ ስለሚያየው ለውጡን ሳያስተውል ወራትና ዓመታት ያልፋሉ፤ በመጨረሻ ግን ቀድሞ ከሩቅ ይለየው የነበረውን እግረኛ ወይም የተጫነ አህያ አጠገቡ እስኪደርስ ድረስ ሳያየው ይቀራል። ማታ ከደብረ ሲና ተነሥቶ በጉም ውስጥ ወደ ጣርማ በር ለሚወጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንግዲህ ሹፌሩ በማግሥቱ ወደ መለዋወጫ ሻጭ ሄዶ፥ «ጠንከር ያለ አምፑል ስጠኝ» ይላል፤ ሻጩም በፋብሪካው ከተወሰነው በላይ ዋት ያለው አምፑል ያቀርብለታል። አምፑሉ ልክ ስለሚሆንና ስለሚበራ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ ሻጩም ሆነ ገዥው ያልጠየቁትን አንድ ጥያቄ ማንሣት ነው። ይኸውም፤ መብራቱ የደከመው በእርግጥ አምፑሉ ስላነሰ ነውን? ወይስ ከባትሪው የተነሣው ኮረንቲ መንገድ ላይ ስለ ቀረ ነው? ጥያቄው ለአገራችን በተለይ አስፈላጊ ነው። በመንገዶቻችን ላይ የሚሄዱት አብዛኞቹ መኪናዎች ብዙ ዓመት ያገለገሉ ናቸው፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉት አሮጌዎች ገና ለብዙ ጊዜ እንደሚነዱ ግልጽ ነው። መኪናው ሲያረጅ ሽቦውም አብሮ ያረጃል።

1. የአምፑሉ ጠባይ

በብዙ አሮጌ መኪናዎች ላይ የሚገኘው ኤች 4 የተባለው አምፑል ነው። ይህ ዓይነት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፥ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት የተንግስተን ክሮች አሉት፤ አንደኛው ለረዥሙ መብራት፥ ሁለተኛው ለአጭሩ። የተለመደው መጠን 12 ቮልት፥ 60/55 ዋት ነው፤ ማለትም ለረዥሙ 60፥ ለአጭሩ 55 ዋት። በብርጭቆው ውስጥ ያለው ሃሎጅን የሚባል ጋዝ ከክሩ የሚተነውን ተንግስተን ወደ ክሩ እንዲመለስ ስለሚያደርግ፥ ብርጭቆው ቶሎ አይጠቁርም፤ ክሩም ይበልጥ ግሎ ብዙ ብርሃን ሊሰጥ ይችላል።

ስለ እንደዚህ ያለ አምፑል ሊታወቅ የሚገባው ዋና ነገር፥ ብርሃኑ ቮልት በጥቂቱ ሲቀንስ በብዙ የሚቀንስ መሆኑ ነው። በግምት ሲነገር፥ ብርሃኑ የሚለዋወጠው የቮልቱን መጠን 3.4 ጊዜ በራሱ እንደ ማባዛት ያህል ነው። የአምፑሉ ብርሃን የሚለካው በ13.2 ቮልት ስለ ሆነ፥ በዚያ መጠን የሚሰጠውን ብርሃን 100 ብንለው፥ በ12 ቮልት 72 ያህል ብቻ ይሰጣል፤ በ11 ቮልት ደግሞ 54 ያህል። እንግዲህ ከቮልቱ አንድ ስድስተኛው ሲጠፋ ከብርሃኑ ግማሽ ያህሉ ይጠፋል ማለት ነው። ስለዚህ አምፑሉ ሳይጎዳና ሳያረጅ መብራቱ ሊደክም ይችላል።

2. ቮልቱ የሚቀርበት መንገድ

በብዙ አሮጌ መኪናዎች ኮረንቲው ከባትሪው ወደ አምፑሉ በቀጥታ አይሄድም። ከባትሪ ወደ ፊውዝ ሳጥን፥ ከዚያ መሪው አጠገብ ወዳለው ማብሪያ፥ ከማብሪያው ረዥሙንና አጭሩን ወደሚያማርጠው መቀያየሪያ፥ ከዚያም ተመልሶ ወደ ፊት እስከ አምፑሉ ሶኬት ድረስ ይጓዛል። ከአምፑሉም በኋላ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ሽቦውና ማያያዣው ኮረንቲውን በመጠኑ ያግዱታል፤ ይህ እገዳ በሳይንስ ቋንቋ ሬዚስታንስ ይባላል፥ መለኪያውም ኦም ነው።

አዲስ የመዳብ ሽቦ ብዙ አያግድም። ውፍረቱ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር፥ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ሽቦ 0.07 ኦም ያህል ብቻ ነው ያለው። ችግር የሚመጣው ከማያያዣዎቹ ነው። ማብሪያው ውስጥ ያለው ነሐስ በየጊዜው በሚፈጠረው ብልጭታ ይቃጠላል፤ የሶኬቱ ጥርሶች ይላላሉ፤ በክረምት ውሃ የሚረጨው የመመለሻ ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረበት ቦታ ይዝጋል። አንዳንድ ጊዜም ሽቦው ተቆርጦ በናስትሮ ብቻ ተጠምጥሞ ይገኛል። እያንዳንዱ ጉድለት ትንሽ ቢመስልም ሲደመር ብዙ ይሆናል።

3. በቁጥር ሲታይ

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት አለ እንበል። ወደ አንድ አምፑል የሚወስደው መንገድ በእርጅና ምክንያት በድምሩ 0.4 ኦም ደርሷል እንበል። (የክሩ ሬዚስታንስ እንደ ሙቀቱ ስለሚለዋወጥ ስሌቱ ግምታዊ ነው።)

በመጀመሪያ፤ የተለመደው የ55 ዋት አጭር መብራት ሲበራ 4.6 አምፔር ያህል ይስባል። መንገድ ላይ 1.8 ቮልት ይቀራል፤ አምፑሉ የሚያገኘው 12 ቮልት ነው፤ ብርሃኑም 72 ይሆናል። በሽቦውና በማያያዣው ላይ በከንቱ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ኃይል 8 ዋት ያህል ነው።

ሁለተኛ፤ ሹፌሩ በዚያው ሽቦ ላይ 100/90 ዋት የሚባለውን አምፑል አስገባ። አጭሩ መብራት አሁን 6.9 አምፔር ያህል ይስባል። መንገድ ላይ የሚቀረው 2.8 ቮልት ስለሚሆን አምፑሉ የሚያገኘው 11 ቮልት ብቻ ነው። ብርሃኑ ከዋቱ ጋር እኩል ይጨምራል ብንል እንኳ፥ በመጀመሪያው መለኪያ 89 ያህል ይደርሳል። በሽቦው ላይ የሚባክነው ሙቀት ግን 19 ዋት ሆነ።

ሦስተኛ፤ ሹፌሩ የ55 ዋቱን አምፑል እንደ ነበረ ትቶ መንገዱን አስጠገነ፤ ሬዚስታንሱም ወደ 0.05 ኦም ወረደ። አሁን አምፑሉ 13.5 ቮልት ያገኛል፤ ብርሃኑ 109 ያህል ነው፤ የሚባክነው ሙቀት 1.5 ዋት እንኳ አይሞላም።

ሦስቱን ስናነጻጽር፥ በአሮጌ ሽቦ ላይ የተጨመረው ትልቅ አምፑል ብርሃኑን በአንድ አራተኛ ያህል ሲያሳድግ ሙቀቱን ከእጥፍ በላይ አሳደገው። የሽቦው ጥገና ግን በዚያው በትንሹ አምፑል ብርሃኑን በግማሽ ያህል ጨመረ። ሙቀት እንዲህ የሚያድገው ከኮረንቲው ጋር እኩል ሳይሆን ኮረንቲው በራሱ ተባዝቶ ስለ ሆነ ነው፤ ኮረንቲ እጥፍ ሲሆን ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

4. ሙቀቱ ምን ያደርጋል?

ይህ 19 ዋት በሽቦው ርዝመት ሁሉ እኩል ቢከፋፈል ጉዳቱ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ሙቀቱ የሚከማቸው ሬዚስታንስ በበዛበት ጠባብ ቦታ ነው። በሶኬቱ አንድ ጥርስ ላይ 0.1 ኦም ቢኖር፥ ጥፍር በማታህል ብረት ላይ 5 ዋት ያህል ሙቀት ይከማቻል፤ አምፑሉ ራሱ የሚያወጣው ግለትም ይጨመርበታል። ጥርሱ ሲግል ይላላል፤ ሲላላ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ ሬዚስታንሱ ሲጨምር ደግሞ ይበልጥ ይግላል። በዚህ ዓይነት ሶኬቱ ቀስ በቀስ ይጠቁራል፥ ከዚያም ይቀልጣል። የሽቦው የፕላስቲክ ሽፋን ከ100 ዲግሪ እምብዛም የማያልፍ ሙቀት ለመቻል የተሠራ በመሆኑ፥ ከቀለጠ በኋላ ሁለት ሽቦዎች ይነካካሉ ወይም ሽቦው የመኪናውን አካል ይነካል። በኮፈኑ ሥር ዘይትና ነዳጅ መኖሩን ስናስብ አደጋው የት ሊደርስ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

እዚህ ላይ ፊውዝ የት ሄደ የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ፊውዝ የተሠራው አምፑሉን ለመጠበቅ ሳይሆን ሽቦውን ለመጠበቅ ነው። ሁለት ባለ 100 ዋት አምፑሎች በረዥሙ ሲበሩ በድምሩ 16 አምፔር ተኩል ያህል ሊስቡ ስለሚችሉ፥ 15 አምፔር የሆነው ፊውዝ ውሎ አድሮ ይቃጠላል። ፊውዙ በመቃጠሉ ሥራውን ሠራ፤ «ይህ ሽቦ ይህን ያህል አይችልም» ብሎ ተናገረ። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚደረገው በምትኩ የ30 አምፔር ፊውዝ መሰካት፥ ይባስ ብሎም በሲጋራ ብር ወረቀት ወይም በቁራጭ ሽቦ መተካት ነው። ከዚያ ወዲያ እንደ ፊውዝ ሆኖ የሚቃጠለው ራሱ የመኪናው ሽቦ ይሆናል።

በሶኬት ላይ ከሚደርሰው ጉዳይ ሌላ፥ ጥንካሬው ከልክ ያለፈ አምፑል የመብራቱን አንጸባራቂ መስተዋት ያጠቁራል፤ ፕላስቲክ ከሆነም ያጣምማል።

5. ስለ ኤል.ኢ.ዲ.፥ ስለ ዘኖንና ስለ ሰማያዊ አምፑሎች

ዛሬ በገበያ ላይ በብዛት የሚሸጡት በሃሎጅኑ ምትክ የሚገቡ የኤል.ኢ.ዲ. አምፑሎች ናቸው። ስለ እነርሱ በትክክል ለመናገር፥ የሚስቡት ኮረንቲ ብዙ ጊዜ ከሃሎጅን ያነሰ ስለ ሆነ ሽቦውን በማቃጠል ሊከሰሱ አይገባም። ጥፋታቸው በሌላ በኩል ነው። የኤች 4 አጭር ክር ከሥሩ ትንሽ የብረት ጽዋ አለው፤ ጽዋው ወደ ላይ ወጥቶ የሌላውን ሹፌር ዐይን የሚመታውን ብርሃን ይከልላል። የመስተዋቱ ቅርጽ የተሰላው ክሩ በተወሰነለት ቦታ እንዲቀመጥ ሆኖ ነው፤ ክሩ በሚሊ ሜትር ቢዛነፍ እንኳ ብርሃኑ ይበታተናል። ኤል.ኢ.ዲ.ው ሰፊና ጠፍጣፋ በመሆኑ የክሩን ቦታ በትክክል ካልያዘ፥ ለነጂው የበራ ቢመስለውም ከፊት ለፊት የሚመጣውን ያሳውረዋል። በጀርመን አገር እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የተፈቀዱት ተመርምረው ለተለዩ የመኪና ዓይነቶች ብቻ ናቸው።

ዘኖን የሚባለው ደግሞ ለመቀጣጠል ከ20 ሺህ ቮልት በላይ የሚፈልግ በመሆኑ፥ ለዚህ ባልተዘጋጀ መብራት ውስጥ በግድ ሲገጠም ማሳወሩ ሳይበቃ የሽቦው ሥራ በጣም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሰማያዊ ቀለም የተቀባው ሃሎጅን በበኩሉ የነጣ ይመስላል እንጂ፥ ቀለሙ ከብርሃኑ ከፊሉን ስለሚያስቀር ለዐይን የሚደርሰውን አይጨምርም።

6. ምን ቢደረግ ይሻላል?

አንደኛ፤ ከመግዛት በፊት መለካት። ሞተሩ እየሠራ፥ መብራቱም በርቶ፥ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፥ ሌላውን በአምፑሉ ፖዘቲቭ እግር ላይ ማድረግ ነው። የሚታየው ቁጥር መንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። በመመለሻው በኩልም ከአምፑሉ እስከ ባትሪው ነጌቲቭ ድረስ እንደዚሁ ይለካል። በአንዱ በኩል ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ ጥፋቱ የሽቦው ነው። በብዙ አሮጌ የቶዮታ መኪናዎች ግን መቀያየሪያው የሚቆርጠው የመመለሻውን መስመር መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ይህን ሳያውቁ ሽቦ መቀጠል ሌላ ጥፋት ያመጣል።

ሁለተኛ፤ ዝገቱን ፍቆ የመመለሻውን ሽቦ በንጹሕ ብረት ላይ ማሰር፥ የጠቆረውንም ሶኬት መለወጥ። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል።

ሦስተኛ፤ ካልበቃ ሪሌ መግጠም። ሪሌ በትንሽ ኮረንቲ የሚታዘዝ ማብሪያ ነው። አሮጌው ማብሪያ ሪሌውን ብቻ ያዛል፤ ለአምፑሎቹ የሚሄደው ብዙው ኮረንቲ ግን 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ ወፍራም ሽቦ ከባትሪው በአጭር መንገድ ይደርሳል። በዚህ ሽቦ ላይ፥ ከባትሪው አጠገብ፥ ልኩ የሆነ ፊውዝ የግድ መኖር አለበት።

አራተኛ፤ አምፑሉ የፋብሪካው ልክ፥ 60/55 ዋት፥ ይሁን። ሲገጠም ብርጭቆውን በጣት አለመንካት ይገባል፤ የጣት ቅባት ብርጭቆው በአንድ ቦታ ከመጠን በላይ እንዲግልና እንዲሰነጠቅ ያደርገዋል። የመብራቱ ፊት ፕላስቲክ ሆኖ በፀሐይ ብዛት ቢጫ ከሆነም መወልወሉ ብቻ ብዙ ብርሃን ይመልሳል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተገለጸው፥ የደከመ መብራት ብዙውን ጊዜ የጎደለ ቮልት ምልክት ነው። ምልክቱን በትልቅ አምፑል መሸፈን ሕመሙን አያድንም፤ ብርሃን ይሆን የነበረውን ኃይል በሽቦው ውስጥ እሳት ያደርገዋል እንጂ። ስሌቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማርነው የኦም ሕግ አያልፍም፤ ቴስተርም በየጋራዡ አለ። እንግዲህ ይህን የተማርን ሰዎች ዘመዶቻችን ወይም ጎረቤቶቻችን አምፑል ሊገዙ ሲነሡ፥ «መጀመሪያ እንለካው» ብንላቸው፥ ወጪ ከማዳናችንም በላይ ምናልባት አንድ መኪና ከመቃጠል፥ አንድ እግረኛም በጨለማ ከመገጨት ይድናል።