ለቤዝና ለጊታር ቀረጻ የትኛው ፕሪአምፕ? የትኛው ኮምፕሬሰር?

ከዋጋው በፊት ድምፁ በየት በኩል እንደሚገባ ወስኑ።

🎸 ቤዝ በቀጥታ በገመድ ከሆነ፦ የመሣሪያ መግቢያውን እዩ። ባትሪ የሌለው ቤዝ 1 ሜጋኦም ገደማ ኢምፒዳንስ ያለው መግቢያ ይፈልጋል። በጣም ካነሰ የክሩ ጥራት ይደበዝዛል።

🎤 ጊታር ከአምፕ ፊት በማይክ ከሆነ፦ አምፑ ራሱ ስለሚጮህ እንደ ኤስኤም57 ያለ ዳይናሚክ ማይክ ብዙ ጌይን አይጠይቅም፤ የኦዲዮ ኢንተርፌሳችሁ ፕሪአምፕ ይበቃል። እንደ ኒቭ 1073 ያሉ ፕሪአምፖች በትራንስፎርመራቸው ለድምፁ ቀለም ይጨምራሉ፤ ግዴታ ግን አይደሉም።

🎚 ኮምፕሬሰር፦ ኤልኤ-2ኤ ድምፁን የሚቆጣጠረው በብርሃን ስለሆነ ቀስ ብሎ ይይዛል፤ ለረጋ የቤዝ መስመር ይስማማል። 1176 የተባለው ኮምፕሬሰር ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይይዛል፤ በስላፕ የሚመታን ቤዝ ድንገተኛ ጩኸት ለመያዝ እሱ ይሻላል። ዲስቶርሽን ያለው ጊታር ቀድሞውኑ የታመቀ ስለሆነ እምብዛም አያስፈልገውም።

እነዚህን መቼቶች በሚፈቅድ ኮምፕሬሰር ለቤዝ መነሻ፦ ሬሾ 4:1፣ አታክ (ለመያዝ የሚወስደው ጊዜ) 20–30 ሚሊሰከንድ፣ የድምፁ ቅነሳ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል። አታኩን ካፈጠናችሁት የጣቱ ምት ይጠፋል።

በጀት ከጠበበ ኮምፕሬሰሩን በፕለጊን ተኩት። በቀረጻ ጊዜ አብዝታችሁ ያመቃችሁትን ድምፅ በኋላ መፍታት አይቻልም፤ ስለዚህ ሲቀረጽ ቆጠብ በሉ።