በአንድ አጥር ውስጥ ያሉ ግንቦች
የአንድ ቀን ጉብኝት በጎንደር ፋሲል ግቢ

ንግድ ሰውን ከቤቱ አውጥቶ በብዙ አገር ያዞረዋል፤ ይሁን እንጂ ነጋዴ ዕቃውን አስረክቦ፥ ሒሳቡን ተቀብሎ ሲመለስ፥ ከሄደበት ከተማ ያየው መጋዘንና ገበያውን ብቻ ሆኖ መቅረቱ የተለመደ ነው። በባሕር ዳር ከተማ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡ ሁለት ወንድማማቾችም ወደ ጎንደር ብዙ ጊዜ ተመላልሰው ሳለ፥ በፋሲል ግቢ በር ከማለፍ በቀር ወደ ውስጥ ገብተው አያውቁም ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፥ በአንድ እሑድ ቀን፥ ሁለቱ ወንድማማቾች በዱቤ የሰጡትን የቆርቆሮና የምስማር ዋጋ ለመቀበል ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሡ። በመንገድ ላይ ብዙም አልተነጋገሩም። አባታቸው ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ የንግድ ፈቃዱ በታላቁ ስም ሲሆን፥ ታናሹ ደግሞ ከዐሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ በሱቁ ሲደክም የኖረ ስለሆነ ድርሻው እንዲታወቅለት ይጠይቃል። ታላቁ «አባታችን ቤቱን አደራ የሰጠው ለእኔ ነው» ይላል። ነገሩ በሽማግሌ ሁለት ጊዜ ታይቶ አልተቋጨም ነበር።

ጎንደር በደረሱ ጊዜ ባለዕዳው ገንዘቡን በዐሥራ አንድ ሰዓት እንደሚያስረክብ ነገራቸው። ቀኑን የሚያሳልፉበት ሌላ ቦታ ስላልነበራቸው ወደ ግቢው ገቡ።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ዋና ከተማቸው ካደረጉ በኋላ ያሠሩት ታላቁ ግንብ ከመሬት 32 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ በአራቱ ማዕዘን ክብ ማማዎች ተደግፎ ይታያል። ታናሹ የንግዱ ልማድ አስገድዶት የድንጋዩን መጋጠሚያ በጣቱ እየነካ፥ «ይህን የያዘው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አስጎብኚው ኖራ መሆኑን ገለጸለት፤ በጣልያን ዘመን በሲሚንቶ የተደረገው እድሳት ለሕንፃው የማይስማማ ሆኖ ስለተገኘ፥ በኋላ የመጡት አዳሾች እንደገና በኖራ እንደ ተኩት ጨምሮ አስረዳ። ሲሚንቶ በመሸጥ የሚኖሩት ወንድማማቾች እርስ በርሳቸው ተያይተው ሳቁ፤ ከጠዋት ጀምሮ አብረው የሳቁት በዚህ ጊዜ ብቻ ነበር።

ግቢው በ900 ሜትር ግንብ የታጠረ ነው። የዐፄ ፋሲል ልጅ ዐፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍትና ጽሕፈት ቤት፥ የልጅ ልጃቸው ታላቁ ኢያሱ የራሳቸውን ግንብ፥ በኋላም ዐፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እያንዳንዳቸው ቤታቸውን ጨመሩበት። የኢያሱ ግንብ በዝሆን ጥርስና ከቬኒስ በመጣ መስተዋት ያጌጠ እንደ ነበር ይነገራል፤ ከዚህም የጎንደር ገበያ በስናርና በምጽዋ መንገድ ከሩቅ አገር ጋር ይገናኝ እንደ ነበር መገመት ይቻላል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ከተማውን ሲያቃጥሉ፥ በሁለተኛውም የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ሲጥሉ ብዙ ነገር ጠፋ፤ የቀረው ግን በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ታላቁ ከወይራው ጥላ ሥር ቆሞ ግንቦቹን እየተመለከተ፥ «አየህ፤ አባት የሠራውን ልጅ አላፈረሰም፤ ሁሉም በአንድ አጥር ውስጥ ኖሩ» አለ።

«እውነት ነው ጋሼ፤ ግን እያንዳንዱ የራሱ ግንብ ነበረው» ሲል ታናሹ መለሰ።

አስጎብኚው የሁለቱን ነገር ሳያውቅ፥ ታላቁ ኢያሱ በገዛ ልጃቸው በተክለ ሃይማኖት በ1698 ዓ.ም. ከዙፋን እንደ ወረዱና ጥቂት ወራት ቆይተው እንደ ተገደሉ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ስለ አጥሩ የተናገረ አልነበረም።

ከቀትር በኋላ ከከተማው ጥቂት ራቅ ብሎ ወደሚገኘው የፋሲል መዋኛ ሄዱ። ለጥምቀት በዓል ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ የሚሞላው ገንዳ በዚያ ቀን ደረቅ ነበር። በዙሪያው ካለው ቅጥር ላይ የበቀሉት ትላልቅ ዛፎች ሥራቸውን በድንጋዩ መካከል ሰድደው፥ ቅጥሩን እንደ እጅ ጨብጠውታል። ታናሹ «ሥሩ ቢቆረጥ ቅጥሩ ይወድቃል፤ ቢተውም ይሰነጥቀዋል» አለ። ታላቁ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተና ሳይመልስ ወደ መኪናው ተመለሰ።

በዐሥራ አንድ ሰዓት ባለዕዳው ጋር ደረሱ። የተፈራረሙበት ደረሰኝ ወጣ፤ ብዛቱና ዋጋው ተነበበ፤ ገንዘቡ ተቆጠረ፤ ነገሩ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ያለ ክርክር ተፈጸመ። ወደ ውጭ በወጡ ጊዜ ታናሹ ዝቅ ባለ ድምፅ፥ «ጋሼ፥ ከባዕድ ጋር ወረቀት አለን። እኔና አንተ ግን ምንም የለንም» አለ።

አዲስ ዘመን እስኪደርሱ ታላቁ መልስ አልሰጠም። እዚያ እራት ሊበሉ በተቀመጡ ጊዜ ግን የሒሳብ ደብተሩን አምጣ ብሎ፥ አንድ ንጹሕ ገጽ ገልጦ ቀኑን ጻፈ። ከሥሩም አባታቸው በሞተበት ቀን በመጋዘን የነበረውን ዕቃ፥ የነበረውን ዕዳ፥ ከዚያ ወዲህ የተጨመረውን ሁሉ እያስታወሱ በየተራ አሰፈሩ። ታናሹ የረሳውን ታላቁ አሟላ፤ ታላቁ ያሳነሰውን ታናሹ አረመ። ሁለት ጊዜ ድምፃቸው ከፍ ብሎ አስተናጋጁ ዞር ብሎ አያቸው።

ድርሻው ስንት እጅ ይሁን የሚለው በዚያ ሌሊት አልተወሰነም፤ ይህ ለሽማግሌዎችና ለውል አዋዋይ ቀርቷል። ነገር ግን ገጹ በሞላ ጊዜ ታላቁ ፈረመና እስክሪብቶውን ለወንድሙ አቀበለው። ታናሹም ፈረመ፤ በማግሥቱም ሱቁ እንደ ወትሮው በጠዋት ተከፈተ።