ወንጪ፦ መጀመሪያ ወርደን በኋላ የምንወጣው ተራራ

በዚህ እትም ስለ አንድ የእግር ጉዞ ላስረዳችሁ ነው። ተራራ፣ የገጠር መንደርና ሐይቅ በአንድ ቀን የሚታዩበት ጉዞ ነው።

እንዲህ ያለ ጉዞ ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን በቴሌቪዥን የምናየው የሂማሊያ ተራራ ነው። እውነት ነው፣ በኔፓል ሰዎች ከመንደር መንደር በእግራቸው እየሄዱ፣ መንደር ውስጥ እየበሉና እያደሩ ወደ ተራራ ሐይቆች ይወጣሉ። ለምሳሌ ጎሳይኩንዳ የሚባለው ሐይቅ 4,380 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው። የሂንዱ እምነት ተከታዮች በየዓመቱ ሊሳለሙት ይሄዳሉ። ግን እኮ የእኛም አገር ተራራ፣ መንደርና ሐይቅ አንድ ላይ አላት። መሳለሚያም ጭምር! ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በየት የሚያልፍ ይመስላችኋል? በአየር ጤና ነው።

ወንጪ የት ነው?

በሰፈራችን የሚያልፈው ትልቁ መንገድ የጅማ መንገድ ነው። ዓለም ገናን፣ ሰበታንና ቱሉ ቦሎን አልፎ ወሊሶ ይደርሳል። ወሊሶ ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እዚያ ሲደርስ ወደ ሰሜን፣ ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ ይዘን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንሄድ ወንጪን እናገኛለን። ቦታው በኦሮሚያ ክልል በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ውስጥ ነው። በአምቦ በኩል ዞሮ መምጣትም ይቻላል።

በመንገዳችን ላይ ጠፍጣፋውን የበቾን ሜዳ እናያለን። አዋሽ ወንዝንም በድልድይ እንሻገራለን። አዋሽን አትርሱት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሐይቁ እንዴት ተራራ ውስጥ ገባ?

ወንጪ ድሮ እሳተ ገሞራ ነበር። እሳተ ገሞራ ማለት ከምድር ውስጥ ቅልጥ አለት፣ አመድና ጋዝ የሚወጣበት ተራራ ነው። ከተራራው ሥር የነበረው ቅልጥ አለት በብዛት ሲወጣ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ያኔ የላዩ ክፍል የሚደግፈው ነገር ስለሚያጣ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ድፎ ዳቦ ሳይበስል ሲወጣ መሃሉ ጎድጎድ ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ማለት ነው። ዳር ዳሩ ቆሞ ይቀራል፣ መሃሉ ትልቅ ጉድጓድ ይሆናል። ከዚያ ለብዙ ዘመን ዝናብና ምንጭ ሲገባበት ሐይቅ ሆነ። የቢሾፍቱ ሐይቆችም የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው፤ የወንጪ ግን በጣም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው።

ምን ያህል ከፍ ያለ? የተራራው ጫፍ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል፤ ከእንጦጦም ከፍ ይላል ማለት ነው። ሐይቁ ደግሞ 2,900 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። አየር ጤናን 2,300 ሜትር ገደማ ብንላት፣ ታች ወርዳችሁ ሐይቁ ዳር ስትቆሙ እንኳ ከትምህርት ቤታችን ግቢ 600 ሜትር ያህል ከፍ ብላችኋል። ወርዳችሁም ላይ ናችሁ!

ጉዞው ለምን የተገለበጠ ሆነ?

ሌላ ተራራ ስንሄድ መጀመሪያ እንወጣለን፣ ሲደክመን እንወርዳለን። ወንጪ ላይ ይህ ይገለበጣል። መኪናው የሚያቆመው አፋፉ ላይ ስለሆነ ጉዞው በቁልቁለት ይጀምርና በዳገት ያልቃል። ጠዋት በሙሉ ጉልበት እንወርዳለን፣ ከሰዓት በኋላ በደከመ እግር እንወጣለን። አምና በጥር ከአጎቴ ጋር ስሄድ አብረውን የጀመሩ ወጣቶች እየሮጡ ነበር የወረዱት። ሲመለሱ ግን በየአሥር እርምጃው ይቀመጡ ነበር። አጎቴ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለ ቀደማቸው።

የሚያደክመው ዳገቱ ብቻ አይደለም። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ያንሳል፣ ልባችንም ቶሎ ቶሎ ይመታል። ብርዱም አለ። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይቀንሳል። ሒሳቡን እንሥራው፤ ከአየር ጤና እስከ ተራራው ጫፍ 1,000 ሜትር ልዩነት ካለ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ለዚህ ነው ሰዎቹ ጋቢና ብርድ ልብስ ለብሰው የምናያቸው።

በተራራው ሆድ ውስጥ ያለው መንደር

እኔን በጣም ያስገረመኝ ነገር ሰዎች ጉድጓዱ ውስጥ መኖራቸው ነው። መንገዱ በጓሮአቸው ያልፋል። ቤቶቹ ቶሎ አይታዩም፤ በእንሰት ተሸፍነዋል። እንሰት ሙዝ የሚመስል ተክል ነው፤ የሚበላው ግን ፍሬው አይደለም። ግንዱና ሥሩ ተፍቆ፣ ተቀብሮና ቦክቶ ቆጮ ይሆናል። ቡላም ከእሱ ይወጣል። እኛ ሰፈር ከክትፎ ጋር የምንበላው ቆጮ ማለት ነው። ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ግን ዝናብ ቢጠፋም ቶሎ ስለማይሞት ገበሬው ይተማመንበታል። ገብስና ድንችም ይዘራል። ከፍ ባለው ቦታ ላይ የሀበሻ ጽድና አስታ የሚባል ዛፍ አለ። ዕድለኛ ከሆናችሁ ጉሬዛም ታያላችሁ።

የአካባቢው ሰዎች የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ነው። በክፍል የምንማረው እዚያ ይጠቅማል። ትልቅ ሰው ስታገኙ «አካም ጂርቱ» በሉ፤ ሲረዷችሁ «ገለቶማ» በሉ። ፈረስ «ፈርዳ»፣ ውሃ «ቢሻን»፣ ሐይቅ ደግሞ «ሀሮ» ነው። እኔ «አካም ጂርቱ» ስል አንዲት እማማ ሥራቸውን አቁመው መልሰው ሰላም አሉኝ። እንግዳ መሆኔ ቀለለኝ።

ሐይቁ ጋ ስንደርስ ጀልባ አለ። በሐይቁ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ የወንጪ ቂርቆስ ገዳም ይገኛል። ምእመናን በጀልባ ተሻግረው ይሳለማሉ። በወዲያኛው በኩል ሸለቆውን ይዞ የሄደ ሰው ፍል ውሃና በውሃ ኃይል የሚዞር ወፍጮ ያገኛል። ፍል ውሃው የድሮው እሳት ከመሬት በታች ጨርሶ እንዳልበረደ ያሳያል። ወፍጮውን ለማዞር መብራትም ናፍጣም አያስፈልግም። ከላይ የሚመጣው ውሃ ያሽከረክረዋል፣ ድንጋዩ ይፈጫል፣ በቃ!

ፈረሱ የማን ነው?

በእግሩ መውጣት ያልቻለ ሰው ፈረስ ይከራያል። ፈረሶቹ የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ፈረሱም ጀልባውም አስጎብኚውም በማኅበር ተደራጅተው በተራ ይሠራሉ። ልክ እንደ እኛ ታክሲ ተራ ነው፤ አንዱ ሲጭን ሌላው ወረፋውን ይጠብቃል። ስለዚህ ገንዘቡ አንድ ቤት ብቻ አይገባም፤ ለብዙ ቤት ይዳረሳል።

ወንጪ አሁን ታዋቂ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው «ገበታ ለሀገር» ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ከተመረጡት ሦስት ቦታዎች አንዱ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከ32 አገሮች 44 መንደሮችን ምርጥ የቱሪዝም መንደር ብሎ ሲሰይም ወንጪ አንዱ ነበር። መንገድ ተሠርቷል፣ ሎጅም ተሠርቷል። ይሄ ደስ ይላል።

ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሰው የሚበዛው አፋፉ ላይ ነው። መኪናው ይቆማል፣ ሰዎቹ ወርደው ፎቶ ይነሳሉ፣ ተመልሰው ይሄዳሉ። ታች መንገዱ ላይ ግን ጭር ያለ ነው። የወፍና የውሃ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። የእኛን ሰው ፈረስ ይስብ የነበረው ልጅ እኩያዬ ነው፤ እሱም ሰባተኛ ክፍል ነው። ቅዳሜና እሁድ ተራ ሲደርሰው ይሠራል፣ ከሚያገኘውም ደብተር ይገዛል። ብዙ መኪና መጥቶም ተራው ሳይደርሰው የሚመሽበት ቀን እንዳለ ነገረኝ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ላይ ላዩን አይቶ የሚመለስ ሰው ፈረስም ጀልባም አይፈልግም። ስለዚህ በእግር መውረድ ለእኛ ጸጥታ ነው፣ ለእነሱ ደግሞ ሥራ ነው።

ጎድጓዳው ሳህንና ሦስቱ ወንዞች

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። ወንጪ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ሳህን ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ነገር የት ይሄዳል? ወደ ውስጥ! አፋፉ ላይ የተጣለ የውሃ ፕላስቲክ በነፋስም በጎርፍም ተንከባሎ መጨረሻው ሐይቁ ነው። አፈሩም እንደዚያው ነው። ዛፉ ተቆርጦ ዳገቱ ከተራቆተ ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል። እንሰቱና ዛፉ ግን አፈሩን በሥራቸው ይይዙታል። ስለዚህ የእማማ ጓሮ እንሰት ምግብ ብቻ ሳይሆን የሐይቁም ጠባቂ ነው።

ደግሞ ጉዳዩ ወንጪ ላይ አያበቃም። ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ ዋልጋ ወንዝ ሆኖ ወደ ጊቤ፣ ከዚያም ወደ ኦሞ ይሄድና ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ከወንጪ አጠገብ ደንዲ የሚባል ሌላ የተራራ ሐይቅ አለ፤ የ8 ቁጥር ቅርጽ ያለው ነው፣ ጎብኚም ከወንጪ ያነሰ ነው የሚያየው። የደንዲ ውሃ ደግሞ ሁሉቃ ወንዝ ሆኖ በአምቦ አልፎ ወደ ጉደር፣ ከዚያም ወደ አባይ ይገባል። አትርሱት ያልኳችሁ አዋሽስ? እሱም የሚነሳው ከዚያው ከፍተኛ ቦታ፣ ከጊንጪ አካባቢ ነው። ግን ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ ይቀራል። እስቲ አስቡት፤ ጎረቤታማቾች ሆነው አንዱ ወደ ኬንያ ድንበር፣ አንዱ ወደ ሱዳንና ግብፅ፣ አንዱ ወደ አፋር! እዚያ የሚጣል ቆሻሻ ከመንደሩ አልፎ ብዙ ሰው ጋ ሊደርስ ይችላል።

ለመሄድ ላሰበ

1. ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ብትሄዱ ይሻላል። ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ያንሸራትታል።

2. በጠዋት ጀምሩ። ዳገቱ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጊዜ ካጠረ ይመሻል።

3. የማያንሸራትት ጫማ፣ ሹራብና ኮፍያ ያዙ። ፀሐዩ ባይሞቅም ፊት ያቃጥላል።

4. ስትወርዱ አትሩጡ። ጉልበታችሁን ለመመለሻ አስቀምጡ።

5. ውሃ በኮዳ ያዙ። የያዛችሁትን ቆሻሻ በሙሉ ይዛችሁ ተመለሱ።

6. የሰው ጓሮ ውስጥ ሳትጠይቁ አትግቡ። ሰውንም ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ።

7. ለልጆች ከረሜላና ሳንቲም አትበትኑ። መንገድ ላይ መለመን ከለመዱ ከትምህርት ይቀራሉ። መስጠት ከፈለጋችሁ ደብተርና እስክሪብቶ ሰብስባችሁ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ስጡ።

8. ገንዘብ ካላችሁ ፈረስ ወይም ጀልባ በተራው ተከራዩ። የደከመ ፈረስ ላይ ግን ሁለት ሆናችሁ አትውጡ።

መምህራኖቻችንን አንድ ነገር ልጠይቅ። የዘንድሮው የትምህርት ቤታችን ጉዞ ገና አልተወሰነም። ወንጪ ቢሆን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል፤ ማደሪያ ስለማያስፈልግ ወጪው ለሁላችንም ይቀላል። ጂኦግራፊውን፣ ሳይንሱን፣ ሒሳቡንና አፋን ኦሮሞውን በእግራችን እንማረዋለን። ግን አፋፉ ላይ ፎቶ ተነስተን እንዳንመለስ። እስከ ሐይቁ እንውረድ።

ሐሳብ ያላችሁ ተማሪዎች በሚኒ ሚዲያ ክበብ ሣጥን ውስጥ ጽፋችሁ ክተቱ።