ሳንቲሟ የት ገባች?

በጭሮ፣ በሂርናም ሆነ በገለምሶ የልጅ ልደት ወይም የትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ሲደርስ ልጆችን የሚያስደስት ነገር መፈለጉ አይቀርም። ለዚህ የምትሃት ትርኢት ጥሩ ነው። ለመጀመር የአንድ ብር ሳንቲምና መስታወት ይበቃል።

ትርኢቱ ለአገራችን ልጆች እንግዳ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) ከተረታቸውና ከትወናቸው ሌላ ምትሃትም ያሳዩ ነበር።

ጀማሪ ሳንቲም በመሰወር ቢጀምር ይቀለዋል። ሳንቲሟን በቀኝ እጅዎ ጣቶች ጫፍ ይያዙ። በግራ እጅዎ የወሰዷት አስመስለው ግራውን ይጨብጡ፤ ሳንቲሟን ግን ቀኝ መዳፍዎ ውስጥ ጣል ያድርጓት። ዋናው ዘዴ ዓይን ላይ ነው። እርስዎ የተጨበጠውን እጅ ሲያዩ ልጆቹም እሱኑ ያያሉ። መስታወት ፊት ቆመው መጀመሪያ ሳንቲሟን የእውነት ደጋግመው ይውሰዱ፤ የሐሰቱ እንቅስቃሴ ያንኑ እስኪመስል ድረስ ይለማመዱ። ልጆቹ «ይደገም!» ቢሉም በዚያው ቀን አይድገሙት፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚያዩት እጅዎን ነው።

የጭሮ ልጆች ገሚሱ በኦሮምኛ፣ ገሚሱ በአማርኛ ይጫወታሉ። ምትሃት ብዙ ንግግር አይፈልግም። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» ብለው ያስቆጥሩ፤ ቀጥሎ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት»። እጅዎ ላይ «እፍ» የሚለው ልጁ ይሁን፤ ጭብጨባውም ለእሱ ይሁን። እሳት፣ መርፌና የሚዋጥ ነገር ግን አያሳዩ፤ ልጆች ያዩትን ቤታቸው ይሞክራሉ። ሳንቲሟንም ከሕፃናት እጅ ያርቁ።

ከሁሉ የሚከብደው የወላጆች ስጋት ነው። «አስማት» ሲባል ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይደነግጣል፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ አስቀድመው ወላጆችን ያነጋግሩ። ልጆቹንም «ይህ የእጅ ፍጥነት ነው፤ ተለማምጄ ያመጣሁት ነው» ይበሏቸው። እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1584 ባሳተመው መጽሐፍ የሳንቲም ምትሃትን አሠራር የገለጠው፣ ሰዎች የእጅ ዘዴን ከጥንቆላ እንዳይቆጥሩት ብሎ ነበር።

አሠራሩን መደበቅ የጨዋታው ደንብ ነው፤ ጨዋታ መሆኑን መደበቅ ግን ማታለል ነው። ዓይን እንደሚሸወድ በጊዜ ያወቀ ልጅ፣ ነገ ገበያ መሐል ካርታ እያገላበጠ «አስይዝ» የሚለውን ወይም «ልዩ ኃይል አለኝ» እያለ ገንዘብ የሚጠይቀውን ሰው በቀላሉ አያምንም።