ዳሌው የተቀየረ ሰው ዳገት ይወጣል? ከበረዶ ሸርተቴ እስከ ጉና ተራራ

ኢትዮጵያ በክረምት ኦሎምፒክ ተወዳድራለች ብንላችሁ ታምናላችሁ? እውነት ነው። አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ጣሊያን ቱሪን ላይ፣ በ2010 ደግሞ ካናዳ ቫንኩቨር ላይ በ15 ኪሎ ሜትር የበረዶ ሸርተቴ (ስኪ) ተወዳድሯል። በቱሪን 83ኛ፣ በቫንኩቨር 93ኛ ሆኖ ጨርሷል። በክረምት ኦሎምፒክ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው።

ሮቤልን ያነሳነው ግን ለሌላ ጉዳይ መግቢያ እንዲሆነን ነው። በረዶ ባለባቸው አገሮች የዳሌ መገጣጠሚያቸው በቀዶ ጥገና የተቀየረላቸው ሰዎች ሐኪማቸውን ቶሎ ከሚጠይቋቸው ነገሮች አንዱ «ወደ ስኪ መቼ ነው የምመለሰው?» የሚል ነው። ደብረ ታቦር ላይ ስኪ የለም። ዳገት ግን አለ። ከተማዋ ራሷ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከጎኗ ያለው ጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ጥያቄው «ዳገቱን መቼ ነው የምወጣው? መስገድስ? እርሻስ?» ይሆናል። መልሱ ግን ከምታስቡት በላይ ይቀራረባል።

ምኑ ነው የሚቀየረው?

ዳሌያችን ኳስና ጎድጓዳ ነው። የጭን አጥንታችን ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ ዳሌ ላይ ያለ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይዞራል። በመሀላቸው ለስላሳ ልባስ አለ። ልባሱ ሲያልቅ ወይም ኳሱ ሲበላሽ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል። ሰውየው ማነከስ ይጀምራል፣ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፣ ካልሲ ማጥለቅ እንኳን ያቅተዋል። በቀዶ ጥገናው የተበላሸው ኳስ ተቆርጦ ይወጣና በብረት ወይም በሴራሚክ ኳስ ይተካል፤ ጎድጓዳውም አዲስ ልባስ ይገባለታል። ዛሬ ለሚሠራው ቅየራ መሠረት የጣለው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ነው፤ ጊዜው 1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ነበር።

«ይሄ የሽማግሌ በሽታ ነው» ለምትሉ

አይደለም። በአውሮፓ አብዛኛው ታካሚ በዕድሜ የገፋ ነው። ወጣቱን የሚያጠቃ ሌላ ምክንያት ግን አለ፦ ወደ ኳሱ የሚሄደው ደም ይቋረጥና አጥንቱ ይሞታል። ይሄ በብዛት የሚታየው ከ30 እስከ 50 ባለው ዕድሜ ነው። ዋና ዋና መንስኤዎቹ የጭን አንገት ስብራት፣ የዳሌ ውልቃት፣ ብዙ አልኮል መጠጣት እና ለረጅም ጊዜ የተወሰደ የስቴሮይድ መድኃኒት ናቸው።

የመጨረሻዋን ድጋሚ አንብቧት። ለመወፈር ተብሎ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚዋጠው ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው። ፊት ይሞላል፣ ኪሎ ይጨምራል፣ ውስጥ ውስጡን ግን የዳሌ አጥንት ሊገድል ይችላል። አንድ ማሳሰቢያ፦ ሐኪም ለሌላ በሽታ ያዘዘላችሁ ከሆነ በራሳችሁ አታቋርጡት፤ ድንገት ማቆምም አደጋ አለው።

ሌላው ውልቃት ነው። ዳሌ ሲወልቅ ወደ ኳሱ ደም የሚወስዱት ሥሮች ይጎዳሉ። በሰዓታት ውስጥ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ኳሱ የመሞት ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ ከዛፍ የወደቀ፣ ከበቅሎ የወደቀ ወይም ባጃጅ የተገለበጠበት ሰው ቆሞ መራመድ ካቃተው «ወጌሻ ይየው» እያሉ ቀናት ማሳለፍ ዳሌውን ሊያሳጣው ይችላል። መጀመሪያ ሆስፒታል፣ መጀመሪያ ራጅ።

ስኪ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?

የአሜሪካ የዳሌና የጉልበት ቅየራ ሐኪሞች ይሄን ተጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት መልሳቸው ወጥቷል። በእግር መሄድ፣ ዋና፣ ብስክሌትና ጭፈራ ይፈቀዳሉ። ስኪ ደግሞ «ከቀዶ ጥገናው በፊት ልምድ ለነበረው ይፈቀዳል» ከሚባሉት ውስጥ ገባ። ሩጫና ሰው ከሰው የሚጋጭባቸው ስፖርቶች አይመከሩም።

«ልምድ ለነበረው» የተባለው ለምንድን ነው? ዋናው ስጋት መውደቅ ስለሆነ ነው። ስንራመድ ዳሌያችን ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደታችን ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው። ስንደናቀፍ ግን ከሰባት እጥፍ በላይ ሊደርስ ይችላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንዴ ሲደናቀፍ ከ400 ኪሎ በላይ ዳሌው ላይ አረፈ ማለት ነው! ልምድ ያለው ብዙ አይወድቅም፤ አዲስ ተማሪ ሲወድቅ ነው የሚውለው።

ታዋቂ ምሳሌ ከፈለጋችሁ የብሪታንያው የቀድሞ ቴኒስ ተጫዋች አንዲ መሪ አለ። በጥር 2019 (እ.ኤ.አ.) የዳሌው ኳስ በብረት ተሸፈነለት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አንትወርፕ ላይ ዋንጫ በላ። እሱ ግን የዓለም ምርጥ ፊዚዮቴራፒስቶች ከጎኑ ነበሩ፤ የተሠራለትም ሙሉ ቅየራ ሳይሆን ኳሱን የመሸፈን ሥራ ነው። ስለዚህ በሱ አትለኩ።

ወደኛ ስናመጣው

የውጭ መመሪያ «ዝቅ ያለ ሶፋ ላይ አትቀመጥ» ይላል። የኛ ሰው ችግር ሶፋ አይደለም።

ቀዶ ጥገናው ከኋላ በኩል ተከፍቶ ከተሠራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሦስት ነገሮች ክልክል ናቸው፦ ጉልበትን ከዳሌ ከፍታ በላይ ማጠፍ፣ እግርን ማጣመር፣ የተሠራውን እግር ወደ ውስጥ ማዞር። ከፊት በኩል ከተሠራ ጥንቃቄው ሌላ ነው። «በየት በኩል ነው የተሠራልኝ?» ብሎ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው። ከኋላ ለተሠራለት ሰው በደቡብ ጎንደር ኑሮ ውስጥ እንዲህ ይተረጎማል፦

መጸዳጃ፦ የጉድጓድ ሽንት ቤት ላይ ቁጢጥ ማለት ትልቁ አደጋ ነው። ታካሚው ከሆስፒታል ሳይወጣ በፊት አንድ የእንጨት ወንበር መሀሉን ቀዶ ጉድጓዱ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። አናጺ በአንድ ቀን ይሠራዋል።

መቀመጫ፦ ዱካና አጭር በርጩማ ለጊዜው ይቅር። ቡና ላይ ጠንካራና ረጅም ወንበር ይቅረብለት። አልጋውም ከፍ ይበል።

ስግደት፦ ወድቆ መነሳት ለጊዜው አይሆንም። ቆሞ በመቋሚያ ተደግፎ መጸለይ ይቻላል። ንስሐ አባትን አስቀድሞ ማማከር የታካሚውን ህሊና ያሳርፋል።

ባጃጅ፦ መጀመሪያ ጀርባን ሰጥቶ መቀመጥ፣ ከዚያ እግርን ማስገባት። ወደ ባሕር ዳር ለቀጠሮ የሚሄድ ሰው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም፤ መሀል ላይ ወርዶ ይንቀሳቀስ። ረጅም መቀመጥ እግር ላይ ደም ያረጋል።

ዳገት፦ ከዘራው የሚያዘው ካልተሠራው እግር በኩል ባለው እጅ ነው። ብዙ ሰው የሚይዘው በተሠራው በኩል ነው፤ ይሄ ስህተት ነው። ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ሲወርድ የተሠራው እግርና ከዘራው ይቅደሙ። ስኪ የሚጫወቱት በሁለት እጃቸው ዘንግ የሚይዙት በከንቱ አይደለም። ሁለት ዱላ ይዞ ቁልቁለት መውረድ አያሳፍርም። በክረምት ጭቃ ላይ ደግሞ ሶሉ ያለቀ ጫማ አይደረግም።

የገና ጨዋታ፦ ሩጫም፣ ግጭያም፣ ድንገት መዞርም አለው። ይቅር። እስክስታ ግን በትከሻ ነው፤ ሐኪሙ «እሺ» ካለ በሠርግ ቀን ማንም አይከለክለውም። ቁጢጥ ብሎ መውረዱ ብቻ ይቅር።

ጊዜው እንዴት ይሄዳል?

በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ታካሚው ከአልጋ ይነሳል። «ታርሷል፣ ይተኛ» ብላችሁ አታስተኙት፤ መተኛት የደም መርጋት ያመጣል፣ ጡንቻም ያቀልጣል። እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ በክራንች ወይም በከዘራ። ሦስት ወር አካባቢ ብዙው የቤት ሥራ ይመለሳል። ውልቃት በብዛት የሚያጋጥመው በነዚህ ሦስት ወራት ስለሆነ መቸኮል አያዋጣም። ስኪም ሆነ ከባድ ዳገት፣ እርሻም ሆነ በቅሎ፣ ብዙ ሐኪሞች ከስድስት ወር በኋላ ያደርጉታል፤ ያውም ጡንቻው መጠንከሩ ታይቶ ነው።

እና ስንት ዓመት ያገለግላል? ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት ከ100 የተቀየሩ ዳሌዎች 58 ያህሉ 25 ዓመት ቆይተዋል። በ35 ዓመቱ ለተቀየረለት ሰው ይሄ ማለት በሕይወቱ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ነው ሐኪሞች ወጣትን «ትንሽ እንጠብቅ» የሚሉት።

ቶሎ ወደ ሆስፒታል የሚያስሮጡ ምልክቶች

የእግር ባት ሲያብጥና ሲያም፣ ድንገት ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ደረት ሲወጋ፣ ትኩሳት ሲኖር፣ ቁስሉ ፈሳሽ ሲያወጣ፣ እግሩ ድንገት አጥሮ ሲዞርና መቆም ሲያቅት። እዚህ ላይ ማሸትም ሆነ መጎተት አይሞከርም።

የዳሌ ቅየራ በየሆስፒታሉ የሚሠራ ቀዶ ጥገና አይደለም። መንገዱ የሚጀምረው ግን እዚሁ ደብረ ታቦር ሆስፒታል በሚነሳ ራጅ ነው፤ ከዚያ ሪፈር ይጻፋል። ብሽሽት አካባቢ ለሳምንታት የቆየ ሕመም ያለው፣ እያነከሰ «ብርድ ነው፣ ይተወኛል» የሚል ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ይሄን ጽሑፍ ላኩላቸው። ቶሎ የታየ ዳሌ አንዳንዴ ሳይቀየርም ይድናል።