ልጆቻችን በስልክ የሚያዩት ጭካኔ

የዛሬው የጤና ትምህርታችን ስለ ወባ ወይም ስለ ተቅማጥ አይደለም። ልጆቻችን በስልክና በቴሌቪዥን ስለሚያዩት ድብደባና ግድያ ነው።

በቅርቡ እዚህ ጅቡቲ ከተማ አንዲት እናት የ7 ዓመት ልጇን ይዛ ወደ እኛ መጣች። ልጁ ትኩሳት የለውም፤ ሌሊት ግን እየጮኸ ይባንናል። ትቶት የነበረውንም አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ጀምሯል። ስንጠይቅ፣ ከሰዓት በኋላ ትልልቆቹ ጫት ሲቅሙ አጠገባቸው ተቀምጦ የጦርነት ቪዲዮ ያይ ነበር።

እንዲህ ያለ ቪዲዮ ለእኛ አዲስ አይደለም። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. አይ ኤስ የተባለው ቡድን በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የቀረጸውን ምስል አሰራጨ፤ አገራችንም የ3 ቀን ሐዘን አወጀች። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ከተነሳ በኋላም የግድያ ምስሎች ከስልክ ወደ ስልክ ተላልፈዋል። የእናትና የአባት ስልክ ደግሞ የልጅም መጫወቻ ነው።

ልጅን ለምን ይጎዳዋል?

አንደኛ፣ ትንሽ ልጅ ያለፈውንና አሁን የሚደረገውን በደንብ አይለይም። አንድ ግድያ 10 ጊዜ ቢያይ 10 ሰው የተገደለ ሊመስለው ይችላል።

ሁለተኛ፣ ልጅ ያየውን ይደግማል። በ1961 እ.ኤ.አ. አልበርት ባንዱራ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት፣ አዋቂ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ልጆች ካላዩት ይልቅ ድብደባውን ደገሙት። በ1963 ደግሞ በፊልም ያዩትም እንዲሁ አደረጉ።

ሦስተኛ፣ ከጦርነት ሸሽቶ የመጣ ልጅ ከሆነ፣ መዳን የጀመረው ቁስል እንደገና ይነካበታል።

ያየ ልጅ ሁሉ ተደባዳቢ ይሆናል ማለት ግን አይደለም። የሚያነጋግረው አዋቂ ያለው ልጅ ቶሎ ይረጋጋል።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

1. የግድያ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ አጥፉት፤ ለሌላ አታስተላልፉ።

2. ዜና ማየት ካለባችሁ ልጆች ሲተኙ እዩ።

3. ሙቀቱ በርትቶ ልጆች ቤት ሲውሉ ስልኩን ሞግዚት አታድርጉት። ተረት ንገሯቸው፣ እንቆቅልሽ ጠይቋቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ ይመክራል።

4. ልጁ አይቶ ከሆነ አትቆጡት። «ምን አየህ? ምኑ አስፈራህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ነገሩ ያለፈ መሆኑን፣ እናንተም አብራችሁት መሆናችሁን ንገሩት።

5. ቅዠቱ፣ ፍርሃቱ ወይም ቁጣው ሳምንታት ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት። አያሳፍርም፤ እንደማንኛውም ሕመም ይታከማል።

ያ የ7 ዓመት ልጅ ዛሬ እናቱ አጠገብ ይተኛል፤ ስልኩ ግን ከእሱ ርቆ ያድራል። እናንተም ዛሬ ማታ ከዚሁ ጀምሩ።